መግነጢሳዊ መስክ በስስ ልባጥ ላይ ስለሚሠራው ሥራ

በደቡብ ወሎ በአምባሰል አገር፣ በተራሮች መካከል፣ ሁለት ሐይቆች ይታያሉ። አንዱ የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሐይቅ ነው፤ ሁለተኛውም ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ካለ ስፍራ ያለው አርዲቦ ነው። በዚህ አገር የሚታየው ጥቍር ድንጋይ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ፣ ኋላም የቀዘቀዘ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንዳረጋገጡት፣ የኢትዮጵያን ደጋ ከሸፈነው ከዚህ ዐይነት ድንጋይ የሚበዛው የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ይህ ድንጋይ ለቤት መሠረትና ለካብ እንደሚጠቅም ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በውስጡ ለዐይን የማይታይ ማስታወሻ አለ። ማግኔታይት የሚባል፣ ብረት ያለበት ደቃቅ ፍሬ በድንጋዩ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ይህ ፍሬ ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ በላይ በሆነ ጊዜ ምንም ማስታወሻ አይዝም፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን በዚያ ሰዓት የነበረውን የምድርን መግነጢስ አቅጣጫ ተቀብሎ ይዞ ይቀራል። በዚህም ምክንያት በኢትዮጵያ ደጋ ከተደራረበው ድንጋይ አንዳንዱ ንብር ዛሬ ካለው መግነጢስ ጋራ ሲስማማ፣ ሌላው ንብር ፈጽሞ የተገለበጠ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም የምድር መግነጢስ በየዘመኑ ሰሜኑና ደቡቡ ሲለዋወጥ እንደ ኖረ ያስረዳል።

ሲቀዘቅዝ ያገኘውን መስክ ይዞ የሚቀር ድንጋይ ብቻ አይደለም። በዘመናችን ሊቃውንት በሚሠሩት፣ ከወረቀት ይልቅ እጅግ በሚሳሳ የብረት ልባጥ ላይም ይህን የመሰለ ነገር ይደረጋል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው መግነጢሳዊ መስክ በዚህ ልባጥ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ጕዳቱስ በምን እንደሚከለከል ነው።

1ኛ፤ ስለ ምድር መግነጢስ

ምድር ራስዋ እንደ ታላቅ መግነጢስ ናት። ኀይልዋ የሚደርስበት ስፍራ ሁሉ መግነጢሳዊ መስክ ይባላል። የመስኩ ብርታት የሚለካበት መለኪያ ቴስላ ነው፤ የምድር መስክ ግን ደካማ ስለ ሆነ የቴስላ ሚሊዮንኛ እጅ በሆነው በማይክሮቴስላ ይቈጠራል። በኢትዮጵያ ደጋ የመስኩ ብርታት 36 ማይክሮቴስላ ያህል ነው።

ይህ መስክ ወደ ሰሜን ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ እንደ አገሩ ሁኔታ ወደ ምድር ያዘነብላል። በሰሜን ኤውሮጳ መርፌው በነጻ ቢንጠለጠል የሰሜን ጫፉ ወደ ታች በብርቱ ይደፋል፤ በሆላንድ አገር አደፋፉ ወደ 67 ዲግሪ ይጠጋል። በኢትዮጵያ ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፍ ስለ ሆነ በዚያ መስመር ላይ መስኩ ከምድር ጋራ ተካክሎ ይተኛል። አዲስ አበባ ለዚሁ መስመር እጅግ የቀረበች ናት። አርዲቦ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ በዚያም የመስኩ አደፋፍ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1957 እና በ1958 ዓ.ም. የብዙ መንግሥታት ሊቃውንት ተባብረው ምድርን በመረመሩበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክ ዓመት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክ መመልከቻ ተቋቋመ። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። መመልከቻውም የምድርን መግነጢስ መለዋወጥ ይመዘግብ ጀመር፤ ዛሬም ሥራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ነው። በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀን የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ስላለ፣ የዚህ አገር መስክ በየቀኑ እኩለ ቀን አቅራቢያ ከፍ ብሎ ማታ ይመለሳል።

መምህሩ የመስኩን አደፋፍ ለተማሪዎቹ በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። አንዲት የልብስ መስፊያ መርፌ በመካከልዋ በቀጭን ክር አስሮ፣ ግራና ቀኝ እስክትመዛዘን ድረስ ክሩን ያስተካክል። ከዚያ በኋላ መርፌይቱን በመግነጢስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሃያ ጊዜ ያህል ይሽና ነፋስ በሌለበት ቤት፣ ከብረት ዕቃና ከጥቍር ድንጋይ ርቆ ያንጠልጥላት። መርፌይቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትመለሳለች፤ አደፋፍዋ ግን ጥቂት ብቻ ሆኖ ይታያል። ይህን አደፋፍ ማስታወስ ለኋላው ትምህርት እጅግ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ስለ ልዕለ አስተላላፊ

የኤሌክትሪክ ኀይል በመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲሄድ እንቅፋት ያገኘዋል፤ ከዚህም የተነሣ ሽቦው ይሞቃል፣ ኀይሉም በመንገድ ይባክናል። በ1911 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ካመርሊንግ ኦኔስ የሚባለው ሊቅ ባዜቃን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ባቀዘቀዘው ጊዜ የኤሌክትሪኩ እንቅፋት በድንገት ጠፋ። እንደዚህ ያለ ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይባላል፤ በአማርኛም ልዕለ አስተላላፊ ማለት ነው። እርሳስ፣ አሉሚኒየምና ኒዮቢየም የሚባሉት ማዕድኖች ሁሉ እያንዳንዳቸው በታወቀ የቅዝቃዜ ልክ ወደዚህ ሁኔታ ይገባሉ። አሉሚኒየም የሚገባው ከፍጹም ቅዝቃዜ 1 ዲግሪ ከጥቂት ከፍ ብሎ፣ ኒዮቢየም ደግሞ 9 ዲግሪ ከጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ፍጹም ቅዝቃዜ የሚባለው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን በ1957 ዓ.ም. ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን አስረዱ። በሞቀ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖች እያንዳንዳቸው ሲሮጡ ይጋጫሉ፤ በቀዘቀዘው ብረት ውስጥ ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመዳሉ፤ ጥማዶቹም ሁሉ እንደ አንድ ልብ ሆነው ስለሚሄዱ የሚያሰናክላቸው የለም።

ልዕለ አስተላላፊ ከዚህ ሌላ ጠባይ አለው፤ ይኸውም መግነጢሳዊ መስክን ከሆዱ ማስወጣት ነው። ይህን በ1933 ዓ.ም. በጀርመን አገር ማይስነርና ኦክሰንፌልድ አገኙት። በገጹ ላይ የሚፈሰው ጅረት የውጭውን መስክ ስለሚመልሰው፣ መስኩ ከገጹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ብቻ ነው፤ ይህም በብዙ ማዕድን ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ ያነሰ ነው።

ብረቱ ወፍራም በሆነ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ሊቃውንት ለረቂቅ ሥራ የሚጠቀሙበት ልባጥ ውፍረቱ ራሱ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ ያህል ነው፤ ስፋቱ ግን ብዙ ሚሊ ሜትር ይሆናል። መስኩ በልባጡ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ቢወርድበት፣ መስኩን ለመመለስ ልባጡ ሁሉንም ወደ ጠርዙ መግፋት አለበት። የሐይቅ ውሃ በሰፊ ገደብ ተከልክሎ በገደቡ ዳርና ዳር እንደሚበረታ፣ መስኩም በልባጡ ጠርዝ ላይ ይበረታል፤ በመጨረሻም ጥሶ ይገባል። ስለዚህ ወፍራሙ ብረት የሚችለውን ደካማ መስክ፣ ስሱና ሰፊው ልባጥ ሊችለው አይቻለውም።

3ኛ፤ ስለ አስተጋቢ

የክራር ጅማት ሲመታ እንደ ርዝመቱና እንደ ውጥረቱ የታወቀ ድምፅ ይሰጣል። አምባሰል የሚባለው ቅኝት ስሙ ከዚሁ አገር ጋራ አንድ ነው፤ ባለ ክራሩም በአምባሰል ቅኝት ሊጫወት ሲፈልግ እያንዳንዱን ጅማት ለዚያ ቅኝት ወደሚገባው ድምፅ ይወጥረዋል። አንዱ ጅማት በጥቂት ቢላላ ቅኝቱ ይፈርሳል፤ ጅማቱን ጨርቅ ቢነካው ደግሞ ድምፁ ሳይቈይ ወዲያው ይሞታል። ቅኝት መበላሸትና ድምፅ ቶሎ መሞት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማድረግ ያሻል፤ ወደ ፊት የሚነገረው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነውና።

ሊቃውንት ከልዕለ አስተላላፊ ልባጥ የሚሠሩት ሬዞናተር የሚባለው ነገር፣ በአማርኛ አስተጋቢ ልንለው የሚገባው፣ እንደዚሁ እንደ ጅማት ነው። በሲሊኮን ወይም በሰንፔር ጠፍጣፋ ላይ ልባጡ ተነጥፎ፣ በላዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀጭን መሥመር ይቀረጽበታል። በዚህ መሥመር ውስጥ የሚመላለሰው ድምፅ ሳይሆን ማይክሮዌቭ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። የክራር ጅማት በሰከንድ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲርገበገብ፣ ይህ ሞገድ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይመላለሳል።

አስተጋቢው ድምፁን ስንት ጊዜ እንደሚያቈይ የሚነግረው ቍጥር የጥራት ቍጥር ይባላል። የጥራት ቍጥሩ አንድ ሚሊዮን የሆነ አስተጋቢ፣ አንድ ጊዜ ተመትቶ ኀይሉ ወደ ሢሶው ገደማ እስኪወርድ ድረስ 160 ሺሕ ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ከመዳብ የተሠራ እንዲህ ያለ ስስ መሥመር ይህን ያህል ሊቈይ አይችልም፤ እንቅፋቱ ኀይሉን ይበላዋልና። ልዕለ አስተላላፊ የተፈለገበትም ምክንያት ይህ ነው።

4ኛ፤ መስኩ ቅኝቱን እንደሚያላላ

መግነጢሳዊ መስክ ወደ ልባጡ በቀረበ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው የኤሌክትሮኖቹን ጥምደት ማድከም ነው። ጥማዶቹ ሲያንሱ የቀሩት የዱሮውን ያህል ጅረት ለመሸከም ከቀድሞው ይልቅ መሮጥ ይኖርባቸዋል። አሥር ሰዎች ያመላልሱት የነበረውን እህል ሰባት ሰዎች ቢያመላልሱት፣ ሥራው እንዳይጐድል ሰባቱ መፍጠን እንዳለባቸው ማለት ነው። ኤሌክትሮን ደግሞ ክብደት አለው፤ በፍጥነት የሚሮጥም ነገር አቅጣጫውን ለመመለስ ዳተኛ ነው። ስለዚህ ሞገዱ በመሥመሩ ውስጥ ሲመላለስ ይዘገያል፤ የአስተጋቢውም ቅኝት ይወርዳል።

ይህ መላላት ሥርዐት አለው። መስኩ ትንሽ ሲሆን፣ ብርታቱ እጥፍ ቢሆን መላላቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ መስኩ ሦስት እጥፍ ቢሆን መላላቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። መስኩ በተመለሰ ጊዜ ጥምደቱ ይታደሳል፤ ቅኝቱም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ጕዳት የሚታገሡት ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ሊቃውንት አስተጋቢውን ወደሚፈልጉት ቅኝት ለማምጣት ዐውቀው ይጠቀሙበታል።

5ኛ፤ መስኩ አዙሪት እንደሚያስገባ

ሁለተኛው ሥራ ግን ከመጀመሪያው የከፋ ነው። መስኩ ልባጡን ጥሶ የሚገባው እንደ ጐርፍ ባንድነት አይደለም፤ በጣም ቀጭን በሆኑ ነዶዎች ተከፋፍሎ ነው። በእያንዳንዱ ነዶ ዙሪያ ጅረቱ እንደ ውሃ አዙሪት ይሽከረከራል፤ በአዙሪቱ እንብርት ጥምደቱ ፈርሶ ብረቱ ተራ ብረት ይሆናል። ይህን በ1957 ዓ.ም. የሩሲያው ሊቅ አብሪኮሶቭ በስሌት አስቀድሞ አስታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም.ም ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሚያስደንቀው ደግሞ አዙሪት ሁሉ ልኩ አንድ መሆኑ ነው፤ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ መስኩ ሲበረታ የሚጨምረው የአዙሪቱ ቍጥር ነው።

ቍጥሩም ሊሰላ ይችላል። አንድ ማይክሮቴስላ መስክ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ልባጥ ላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የሚያስገባው አዙሪት 480 ያህል ነው። ስለዚህ የምድር መስክ፣ መርፌን ለመመለስ እንኳ የሚዘገየው ደካማ ኀይል፣ 36 ማይክሮቴስላ ሆኖ በልባጡ ላይ ቀጥ ብሎ ቢወርድበት በአንዲት ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ከ17 ሺሕ በላይ አዙሪት ይተክልበታል።

አዙሪቱ ቆሞ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በመሥመሩ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ ሲመላለስ፣ እያንዳንዱን አዙሪት ወዲያና ወዲህ ይነቀንቀዋል። እንብርቱ ተራ ብረት ስለ ሆነ በመነቅነቁ ሙቀት ይወለዳል፤ የአስተጋቢውም ኀይል በዚያ ይባክናል። ይህ በክራሩ ጅማት ላይ እንደ ተጣለ ጨርቅ ነው። የጥራት ቍጥሩ ከሚሊዮን ወደ ብዙ አሥር ሺሕ ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል፤ በሐኪም ቤት ያለው ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ከልዕለ አስተላላፊ ሽቦ የተሠራ ሆኖ 1.5 ቴስላ ያህል መስክ፣ ይኸውም የኢትዮጵያን የምድር መስክ 40 ሺሕ እጥፍ ያህል፣ እንዴት ይችላል ይል ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው። በዚያ ሽቦ ውስጥ አዙሪት እጅግ ብዙ አለ፤ ነገር ግን ሽቦው በውስጡ አዙሪቱን አስሮ የሚይዝ ችካል የመሰለ ጕድለት እንዲኖረው ሆኖ ተሠርቷል። ጅረቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ስለ ሆነ የታሰረውን አይነቀንቀውም። በአስተጋቢው ግን ጅረቱ ሁልጊዜ ስለሚመላለስ የታሰረውንም በማሰሪያው ላይ ይነቀንቀዋል። አንዱን የማይጐዳ ነገር ሌላውን የሚጐዳበት ምክንያት ይህ ነው።

6ኛ፤ ልባጡ የቀዘቀዘበትን ሰዓት እንደማይረሳ

ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት አዙሪቱ መቼ እንደሚገባ ነው። ልባጡ ገና ሞቃት ሳለ መስኩ ያለ ከልካይ በውስጡ ያልፋል። ልባጡ እየቀዘቀዘ ወደ ልዕለ አስተላላፊነት በሚሻገርበት ቅጽበት ገና ደካማ ስለ ሆነ መስኩን ፈጽሞ ማስወጣት አይችልም፤ በዚያ ጊዜ ያገኘውን መስክ አዙሪት አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ አዙሪቱ በልባጡ ውስጥ ባለው ጕድለት ይታሰራል። አሁን የውጭው መስክ ፈጽሞ ቢነሣ እንኳ ከታሰሩት አዙሪቶች ብዙዎቹ አይለቁም። የሚለቁት ልባጡ እንደ ገና ሞቆ ከልዕለ አስተላላፊነት ሲወጣ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በአርዲቦ ዙሪያ ካለው ጥቍር ድንጋይ ጋራ ይመሳሰላል። ድንጋዩ በ580 ዲግሪ ሙቀት ደጃፍ ላይ፣ ኒዮቢየሙ ከዜሮ በታች በ264 ዲግሪ ደጃፍ ላይ፣ ሁለቱም በመቀዝቀዝ በሚሻገሩበት ሰዓት ያገኙትን መስክ ይዘው ይቀራሉ፤ ሁለቱም ማስታወሻቸውን የሚያጡት ያንኑ ደጃፍ በሙቀት ተመልሰው ሲሻገሩ ነው። ልዩነታቸው ድንጋዩ የሚይዘው በመግነጢስ ፍሬ፣ ልባጡ የሚይዘው በጅረት አዙሪት መሆኑ ነው። ለጂኦሎጂው ሊቅ ይህ ማስታወሻ ውድ መጽሐፍ ነው፤ ለአስተጋቢው ሠሪ ግን ጥፋት ነው።

ስለዚህ ሠሪው ልባጡ ከቀዘቀዘ በኋላ መስኩን ለማጥፋት ቢደክም ድካሙ ከንቱ ነው። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዳሉት፣ መስኩን ማስወገድ የሚገባው ልባጡ ደጃፉን ከመሻገሩ በፊት ነው።

7ኛ፤ ስለ አቀማመጥ

አሁን መምህሩ ያንጠለጠላትን መርፌ ማስታወስ ይገባል። ልባጡን የሚጐዳው በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስክ ነው፤ ከገጹ ጋራ ጐን ለጐን የሚተኛው መስክ ግን የልባጡ ውፍረት እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ አዙሪት የሚተክልበት ስፍራ አያገኝም፤ ጥምደቱን በጥቂት ከማድከም በቀር ሌላ አይጐዳም። ዝናብ ሲወርድ በመሬት ላይ የተነጠፈ ቈርበት ሁሉንም ዝናብ እንደሚቀበል፣ እንደ ዝናቡ አወራረድ ቀጥ ብሎ የቆመ ቈርበት ግን ከጠርዙ በቀር እንደማይነካ ያለ ነው።

እንግዲህ ሰፊ ልባጥ ያለ ምንም መከላከያ በጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ ቢቀዘቅዝ፣ አዙሪቱ እንደ አገሩ ይለያያል። በሆላንድ አገር የምድር መስክ 49 ማይክሮቴስላ ያህል ሆኖ አደፋፉ 67 ዲግሪ ስለ ሆነ፣ በልባጡ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው 45 ማይክሮቴስላ ያህል ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትርም ወደ 22 ሺሕ የሚጠጋ አዙሪት ይተከላል። እንደ አርዲቦ ባለ አገር ግን አደፋፉ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደው 3 ማይክሮቴስላ ያህል ብቻ ነው፤ አዙሪቱም 1,500 ያህል ይሆናል። ያው ልባጥ በአርዲቦ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ቢቆም ደግሞ፣ የመስኩ ብርታት ሳይለወጥ፣ አዙሪቱ ከ17 ሺሕ ይበልጣል።

ይህን ሰምቶ የእኛ አገር መከላከያ አያሻውም ማለት ስሕተት ይሆናል፤ 1,500 አዙሪትም ለረቂቅ አስተጋቢ ብዙ ነውና። የስሌቱ ትምህርት ግን ይህ ነው፤ ጕዳቱ የሚለካው በመስኩ ብርታት ብቻ ሳይሆን መስኩ ከልባጡ ጋራ በሚገናኝበት አቅጣጫ ጭምር ነው። በኤሌክትሮን ጠባይ ላይ የሚመራመሩ ሊቃውንት ብርቱ መስክ ሲያስፈልጋቸው፣ መስኩን ከልባጡ ገጽ ጋራ በጥንቃቄ የሚያስተኙት ስለዚህ ነው። ጥቂት ቢያዘነብልባቸው አዙሪት ይገባባቸዋል።

8ኛ፤ ስለ መከላከያው

ሠሪዎቹ በብዙ ድካም ያገኙት መከላከያ በአራት ሊከፈል ይችላል።

አንደኛው፣ አስተጋቢውን ከኒኬልና ከብረት ቅይጥ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ማኖር ነው። ይህ ቅይጥ መስኩን ወደ ራሱ ስቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያሳልፈው ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም በዚያ ውስጥ ከልዕለ አስተላላፊ የተሠራ ሁለተኛ ሣጥን ይጨመራል።

ሁለተኛው፣ በሣጥኑ ውስጥ የመግነጢስ ጠባይ ያለው ዕቃ አለማስገባት ነው። ሣጥኑ የቱን ያህል መልካም ቢሆን፣ አንድ ትንሽ የአረብ ብረት ብሎን በልባጡ አጠገብ ቢገባ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ብሎኑ ሁሉ ከመዳብ ወይም ከነሐስ እንዲሆን ይደረጋል።

ሦስተኛው፣ መሥመሩን ማጥበብ ነው። ስፋቱ የሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የሆነ መሥመር እስከ 20 ማይክሮቴስላ ያህል ባለ መስክ ውስጥ ቢቀዘቅዝ አዙሪትን ከሆዱ ያስወጣል። ስፋቱ በግማሽ ቢቀነስ የሚችለው መስክ አራት እጥፍ፣ ይኸውም 80 ማይክሮቴስላ ያህል ይሆናል፤ ይህም ከምድር መስክ የበለጠ ነው። ጠባብ መንገድ ለአዙሪት መቆሚያ እንደማይሰጥ ማለት ነው።

አራተኛው፣ ሊጠብ በማይችለው ሰፊ ልባጥ ላይ ብዙ ደቃቅ ቀዳዳ መብሳት ነው። አዙሪት በቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ተራ ብረት የሆነ እንብርት ስለማይኖረው፣ ከቀዳዳውም በቀላሉ ስለማይወጣ፣ ኀይል ማባከኑ ይቀንሳል። ይህ ጠላትን ማባረር ባይቻል አስሮ ማስቀመጥ ነው።

9ኛ፤ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅም

የዕድሜ ባለጸጋ የሆኑ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ለአንዲት ቀጭን መሥመር ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ያሉ ሊቃውንት አስተጋቢን ለከዋክብት ምርምር መሣሪያ እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ገለጡ። ከሩቅ ሰማይ የመጣ ደካማ ብርሃን በልባጡ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ጥማዶችን ይፈታል፤ ቅኝቱም በጥቂት ይላላል፤ በመላላቱም የብርሃኑ መጠን ይታወቃል። ያ ብርሃን በመንገድ ላይ ብዙ ሺሕ ዓመት የቈየ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ግን በቸልታ በተተወ መስክ ምክንያት የአስተጋቢው ድምፅ ቶሎ የሚሞት ከሆነ፣ ያን ያህል ዘመን የተጓዘው መልእክት ሳይነበብ ይቀራል።

እንደዚሁም ኳንተም ኮምፒዩተር በሚባለው አዲስ የስሌት መሣሪያ፣ ከልዕለ አስተላላፊ በተሠራው ዐይነት፣ የስሌቱ መልስ የሚነበበው በእንዲህ ያለ አስተጋቢ ነው። በዚያም አዙሪት ሲበዛ መሣሪያው የያዘውን ነገር ቶሎ ይረሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባለ ሳይንሱ ብቻ አይደለም። በወሎ ተራራ ላይ ያለው ጥቍር ድንጋይ፣ በክር የተንጠለጠለችው መርፌና በሩቅ አገር በጥንቃቄ የቀዘቀዘው ልባጥ የሚመሰክሩት ስለ አንድ የምድር መስክ ነው። በአርዲቦ ዳር የሚማር ልጅ መርፌይቱ ለምን ጥቂት ብቻ እንደምትደፋ በትክክል ከገባው፣ ከዚህ ትምህርት እኩሌታውን ዐውቋል ማለት ነው፤ የቀረውንም በከፍተኛ ትምህርት ቤት ሊጨምርበት ይችላል።

መምህሩም ይህን ክፍል ሲፈጽም ተማሪዎቹን እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቃቸው። ልባጡ ከቀዘቀዘ በኋላ መስኩን ማንሣት ለምን አይጠቅምም? ቅኝት መላላትና ድምፅ ቶሎ መሞት በምን ይለያያሉ? በአርዲቦ ዳር ልባጡን ማንጠፍ ይሻላል ወይስ ማቆም? መልሱን በቃል ከማጥናት ይልቅ መርፌይቱን በእጃቸው ይዘው፣ ወዲያና ወዲህ አዘንብለው፣ ምክንያቱን ቢናገሩ ትምህርቱ በልባቸው ታትሞ ይቀራል።